የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ተተኪ ያጣ ደን

ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ስለ ደን የሚጠይቁትን በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርበናል። ጸሐፊዎቹ ከመተማ ቆላ እስከ ደባርቅ ውርጭ ድረስ በተለያየ የአየር ጠባይ የሚኖሩ ቢሆኑም ጥያቄዎቻቸው እርስ በርሳቸው ይነካካሉ። ደብዳቤዎቹ ረዘም ያሉ በመሆናቸው ፍሬ ሐሳባቸውን ብቻ አሳጥረን አትመናል።

ጥያቄ፦ «የደብራችን ደን እኔ ድቁና ስማር እንደነበረው ነው። ጥዱም ወይራውም ቆሟል፤ ማንም መጥረቢያ አያነሣበትም። ዛፎቹን ሊለኩ የመጡ ተማሪዎች ግን ሥራቸውን ሲጨርሱ ‹ደኑ አደጋ ላይ ነው› ብለውን ሄዱ። ምእመናኑ አዝነዋል። ያልተነካ ደን እንዴት አደጋ ላይ ሊሆን ይችላል?»
ቄሰ ገበዝ፣ ከማክሰኝት አካባቢ

መልስ፦ አባታችን፣ ተማሪዎቹ ይህን የተናገሩት ደብሩን ለመውቀስ እንዳልሆነ አስቀድሜ ልግለጽ። በሰሜኑ የአገራችን ደጋ ነባር ዛፎች ተጠብቀው የቆዩት በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ስለሆነ፣ በዚህ ዘርፍ የሚሠራ ተመራማሪ ሁሉ የአገልጋዮቹና የምእመናኑ ባለዕዳ ነው። ልዩነቱ የመጣው እርስዎ የቆሙትን ዛፎች ሲመለከቱ ተማሪዎቹ የሚተኩትን በመቁጠራቸው ነው።

ጥድና ወይራ መቶ ዓመታትን የሚሻገሩ ዛፎች ናቸው። ከደጀ ሰላሙ አጠገብ የቆመው ትልቅ ወይራ የሚመሰክረው፣ እርሱ ቡቃያ በነበረበት በቅድመ አያቶቻችን ዘመን መሬቱ ለቡቃያ ምን ያህል የተመቸ እንደነበር ነው። የዛሬውን ሁኔታ ለማወቅ ከሥሩ ያለውን መሬት መመርመር ያስፈልጋል። እስኪ በመስከረም መጨረሻ ከዚያ ወይራ ሥር ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። የረገፈው ፍሬ ጠንካራ አጥንት ከደረቀ ቅጠል ጋር ተደባልቆ ይገኛል፤ በመካከሉም ክረምቱ ያበቀላቸው፣ ከጣት የማይረዝሙ፣ ሁለት ወይም አራት ቅጠል ያወጡ ቡቃያዎች ይታያሉ። ጠጋ ብለው ሲያዩአቸው የብዙዎቹ ጫፍ ተቀንጥሷል፤ ፍየል ወይም በግ አልፋበታለች። ከዚያ ቀጥለው ከጉልበት እስከ ወገብ የሚደርሱትን፣ ከእነርሱም ቀጥሎ ግንዳቸው የክንድ ውፍረት ያለውን ታዳጊ ዛፎች ይፈልጉ። ብዙውን ጊዜ የማይገኙት እነዚህ መካከለኞቹ ናቸው፤ በእነርሱ ፈንታ አጋም፣ ክትክታና ሌሎች ከብት የማይደፍራቸው ቁጥቋጦዎች ቦታውን ይዘውታል። ሽማግሌና ሕፃን ብቻ ያለበት፣ ጎልማሳ የሌለበት ደን ከሩቅ ሲታይ አረንጓዴ ነው፤ አሮጌዎቹ አንድ በአንድ ሲወድቁ ግን ቦታቸውን የሚረከብ የለም። ተማሪዎቹ አደጋ ያሉት ይህን ይመስለኛል።

በዚህ ጉዳይ ላይ በሰፊው የታወቀው ጥናት የተካሄደው ከእናንተ ብዙም በማይርቀው በደቡብ ጎንደር ነው። የደን ሥነ ምኅዳር ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ውስጥ ባደረጉት ቆጠራ ከ160 የሚበልጡ የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶችን መዝግበዋል። በትንሽ በትንሽ ቦታ ይህን ያህል ዓይነት መገኘቱ ያስደንቃል። ከዚህም በላይ ደኖቹ እንደሚገኙበት ከፍታ የዛፍ ዓይነታቸው ስለሚለያይ፣ አንዱ ደብር የሚያጣውን ዛፍ ሌላው ደብር ላይኖረው ይችላል።

እኚሁ ተመራማሪ ሌላም ነገር ጠይቀዋል፤ እናት ዛፎቹ ቢጠፉ አፈሩ ውስጥ የተቀበረው ዘር ደኑን መልሶ ሊያስነሣው ይችላል ወይ? መልሱን ለማግኘት ከደኖቹ ወለል አፈር ተወስዶ ውኃ እየጠጣ እንዲያበቅል ተደረገ። ከአፈሩ የበቀለው በአመዛኙ ሣርና ሌሎች ቅጠላ ቅጠሎች እንጂ የትልልቆቹ ዛፎች ዘር አልነበረም። ፕሮፌሰር ደምል ተከታይም ቀደም ብለው በሌሎች የደጋ ደኖቻችን ውስጥ ተመሳሳይ ውጤት አግኝተው ነበር። አፈሩን እንደ ጎተራ ብንቆጥረው፣ በውስጡ ያለው የአረም ዘር ነው ማለት ነው። እንደ ጥቁር እንጨትና ዝግባ ያሉት ዛፎች ዘራቸው ወድቆ ቶሎ ካልበቀለ በአፈር ውስጥ ለዓመታት አይቆይም። እናት ዛፉ ከተቆረጠ፣ ቡቃያውም በየዓመቱ ከተበላ፣ ያ ዛፍ ከዚያ ደን ለዘለቄታው ይወጣል። ወፍና ጦጣ ዘሩን ከሌላ ደን ያመጡት ይሆናል ቢባል እንኳ፣ በአንዱ ደብርና በሌላው መካከል ያለው ሰፊ የእርሻ ማሳ ይህን አልፎ አልፎ ብቻ የሚሆን ነገር አድርጎታል።

ተስፋ የሚሰጠው ውጤት የመጣው ከአጥር ሙከራው ነው። የጥድ፣ የወይራ፣ የሎልና የጥቁር እንጨት ዘርና ችግኝ በደን ውስጥ በታጠረና ባልታጠረ ቦታ ጎን ለጎን ተተክሎ ሲታይ፣ ከብት በማይገባበት ቦታ የተረፉት ችግኞች በእጅጉ የበለጡ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ ዘሩም አፈሩም አልሞቱም፤ ቡቃያውን የሚያጠፋው በዋነኛነት ጥርስና ኮቴ ነው።

የአየር ንብረት ለውጥ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በጎንደር ዝናቡ በአመዛኙ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ በሐምሌ የበቀለ ቡቃያ ሥሩን ወደ ታች ለማውረድ ያለው ጊዜ እነዚህ ጥቂት ወራት ብቻ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ረጅሙን በጋ መሻገር አለበት። ዝናቡ ዘግይቶ ከጀመረ ወይም ቀድሞ ካቆመ፣ ወይም በጋው ከወትሮው የበለጠ ሞቃት ከሆነ፣ ሥሩ እርጥበት ያለበት ጥልቀት ሳይደርስ ይደርቃል። መቶ ዓመት የቆየው ጥድ ግን ሥሩ ሩቅ ስለሆነ ያንኑ ዓመት ምንም እንዳልደረሰበት ሆኖ ያልፈዋል። ለውጡ በቡቃያው ላይ ቀድሞ የሚታየውም ለዚህ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ከደኑ መሐል ይልቅ በጠርዙ ይከፋል፤ ጠርዙ ፀሐይና ነፋስ ስለሚያገኘው አፈሩ ቶሎ ይደርቃል፤ ደኑ ትንሽ በሆነ መጠን ደግሞ አብዛኛው ክፍሉ ጠርዝ ነው።

ምን ይደረግ ለሚለው፣ በደቡብ ጎንደር ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማንና ከየደብሩ ካህናት ጋር በመሆን የጀመሩትን የድንጋይ ካብ ሥራ ሰበካ ጉባኤው እንዲያየው እመክራለሁ። ገበሬው ከማሳው ለቅሞ የሚያወጣው ድንጋይ ያለ ስሚንቶ በደኑ ዙሪያ ይካባል፤ ሰው በበሩ ይገባል፤ ከብት አይገባም። ማሳውም ከድንጋይ ይጸዳል። ካቡ ከደኑ ጠርዝ ጥቂት ወጣ ብሎ ቢሠራ ደኑ የሚሰፋበት ቦታ ያገኛል። ለክብረ በዓል ሲባል ከዛፉ ሥር ያለውን ቁጥቋጦ ሁሉ ጠርጎ ማጽዳቱም ቢቀር መልካም ነው፤ የነገዎቹ ወይራዎች ያሉት በዚያ ቁጥቋጦ ጥላ ውስጥ ነው። አዲስ ሕንፃ፣ የመቃብር ቦታና መንገድ ሲታሰብም ጥቁር እንጨት ወይም ዝግባ ያለበትን ቦታ መተው ይቻላል፤ ደኑ ውስጥ የትኛው ዛፍ የት እንዳለ ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ አይኖርም።

ጥያቄ፦ «በገጠር የቤተሰቤ መሬት ላይ ባሕር ዛፍ አለ። ጠላት ነው የሚሉ አሉ፤ ነባሩን ደን ያዳነው እርሱ ነው የሚሉም አሉ። የቱ ነው ትክክል?»
ከዳባት

መልስ፦ ሁለቱም በየቦታቸው ትክክል ናቸው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ የሚሆን እንጨት በአጭር ጊዜ ስለሚሰጥ፣ ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ መጥረቢያ የሚያርፈው በወይራና በጥድ ላይ ነበር። ፈየራ ሰንበታና ደምል ተከታይ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት፣ በመካከለኛው ኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ በቆሙ የባሕር ዛፍና የሌሎች የውጭ ዛፎች ተክል ሥር ነባር ዛፎች ሲበቅሉ አግኝተዋል፤ ይህ የሆነው ግን አቅራቢያቸው ዘር የሚሰጥ ነባር ደን በመኖሩ ነው። በሌላ በኩል ባሕር ዛፍ ብዙ ውኃ ይጠጣል፤ ተጠጋግቶ ሲተከልና በየጥቂት ዓመቱ ሲቆረጥ ከሥሩ የሚበቅል ነገር አይኖርም። ስለዚህ ከምንጭ፣ ከማሳ ዳርና ከነባር ደን አርቆ መትከሉ ይሻላል። በነባሩ ደን ውስጥ የተፈጠረን ክፍት ቦታ በባሕር ዛፍ መሙላት ግን በእኔ እምነት ፈጽሞ ሊደረግ የማይገባው ነው፤ ቦታው የወይራው ቡቃያ ሲጠብቀው የኖረ ብርሃን ነውና።

ጥያቄ፦ «የዕጣን ዛፎቻችን ምርት እየቀነሰ ነው። ባለሙያዎች የሚወቅሱት እኛን፣ ዛፉን የምንፍቀውን ነው። መፋቁን ለጥቂት ዓመታት ብናቆም ዛፉ ይመለሳል?»
የማኅበር አባል፣ ከመተማ

መልስ፦ ወንድማችን፣ መፋቁን፣ ማለትም ዕጣኑ እንዲፈስ ግንዱን ማቁሰሉን፣ ማቆም ብቻውን አይበቃም። ይህን የምልዎ በግምት አይደለም፤ በዓለም ላይ በዕጣን ዛፍ ሕይወት ላይ ከተደረጉት ጥልቅ ጥናቶች አንዱ የተካሄደው እዚያው መተማ አካባቢ ነው። ኢትዮጵያውያንና የሆላንድ ተመራማሪዎች በተለዩ ቦታዎች የሚገኙትን ዛፎች ቁጥር ሰጥተው፣ የትኛው እንዳደገ፣ የትኛው እንደሞተ፣ ምን ያህል አዲስ ቡቃያ እንደወጣ በየዓመቱ እየተመላለሱ መዝግበዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ባደረጉት ውጤት፣ ሁኔታው በዚሁ ከቀጠለ የዛፎቹ ቁጥር በ50 ዓመት ውስጥ በ90 በመቶ፣ የዕጣን ምርቱም በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ አስልተዋል። የእርስዎን ጥያቄ የሚመለከተው ግን ሌላው ግኝታቸው ነው፤ ቁጥሩ የሚቀንሰው በሚፋቁትም በማይፋቁትም ቦታዎች ነበር።

ምክንያቱን ለማየት እንደገና ወደ ቡቃያው እንውረድ። በመተማ የዕጣን ዛፍ ዘር ይበቅላል፤ በክረምት ብዙ ቡቃያ ይገኛል። በጋ ሲመጣ ከመሬት በላይ ያለው ክፍል ይደርቅና ሥሩ ብቻ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ክረምት ከዚያው ሥር እንደገና ያቆጠቁጣል። ቡቃያው በዚህ ሁኔታ ዓመታትን ሊያሳልፍ ይችላል፤ ሥሩ ጠንክሮ አንድ ጊዜ በጋውን ቆሞ የሚያልፍ ግንድ ካላወጣ በቀር ዛፍ አይሆንም። በዚህ መካከል በየዓመቱ የሚለኮሰው የሣር ቃጠሎ ያገኘዋል፤ ከደጋ በክረምት የሚወርደውና እዚያው የሚሰማራው ከብት ይበላዋል። በዚህም የተነሣ ከቡቃያው ተነሥቶ እስከ ጎልማሳው ዛፍ ድረስ መኖር ያለበት መካከለኛ ዕድሜ ከጫካው ጠፍቷል። ይህ የመተማ ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ሰፊ ጥናት በ23 ቦታዎች የሚገኙ ከ20,000 የሚበልጡ ዛፎች ተለክተው፣ ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት ቦታዎች ትናንሽ ዛፎች ጭራሽ አልተገኙም። የዛፎቹ ዕድሜ በግንዱ ውስጥ ባሉ የእድገት ቀለበቶች ሲቆጠርም፣ አዲስ ዛፍ ጫካውን መቀላቀል ያቆመው ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት እንደሆነ ታውቋል። እናንተ ዛሬ የምትፍቁት አያቶቻችሁ በነበሩበት ዘመን የበቀለውን ነው።

ይህ ማለት ግን መፋቁ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ዛፉ የሚፋቀው ቅጠሉን አራግፎ በቆመበት በበጋ ነው። በዚያን ጊዜ ምግብ የሚያዘጋጅበት ቅጠል ስለሌለው፣ ለዕጣኑ የሚያወጣው ኃይል ክረምት ካጠራቀመው ስንቅ የሚቀነስ ነው፤ ያው ስንቅ ደግሞ ለአበባ፣ ለዘርና ለአዲስ ቅጠል የታሰበ ነበር። በአንድ ዛፍ ላይ ቁስሉ በበዛ መጠን ቅጠሉም ዘሩም ያንሳል፤ የደከመውን ግንድ የሚቦረቡር ጥንዚዛም ያጠቃዋል፤ ነፋስም ይጥለዋል። ስለዚህ ቀጭን ዛፎችን አለመንካት፣ የቁስሉን ቁጥር መቀነስና ዛፉን በየተወሰነ ዓመት ማሳረፍ ዋጋ አለው። ለልጆቻችሁ ጫካ የሚያተርፈው ዋናው ሥራ ግን እሳትና ከብት ለረጅም ጊዜ የማይገባበት ክልል መለየት ነው፤ አንድ ክረምት ወይም ሁለት አይበቃም፤ ቡቃያው ከሣሩ ነበልባል በላይ እስኪረዝም ድረስ መጠበቅ ይጠይቃል። ጫካው ለሰሊጥ እርሻ ሲመነጠር ደግሞ ይህ ሁሉ ምክር ዋጋ ያጣል። መሬቱን ለማን፣ ለምን ሥራ እንደሚሰጥ የሚወስኑት አካላት ይህን ጥናት ከጠረጴዛቸው ላይ ሊያኖሩት ይገባል ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ «ለተማሪዎቼ ከመቶ ዓመት በፊት የአገራችን 40 በመቶ በደን የተሸፈነ እንደነበር አስተምራለሁ፤ መጽሐፉም እንዲሁ ይላል። አንድ ተማሪ ‹በዚያን ጊዜ ማን ለካው?› ብሎ ጠየቀኝ፤ መልስ አጣሁ።»
የጂኦግራፊ መምህር፣ ከአዘዞ

መልስ፦ መምህር፣ ተማሪዎ የጠየቀው ጥያቄ የታሪክ ምሁራንም የጠየቁት ነው። ቁጥሩ ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው እየተሻገረ ለብዙ ዓመታት ኖሯል፤ ይሁን እንጂ አሜሪካዊው የታሪክ ተመራማሪ ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ የተደረገ እንዲህ ያለ ልኬት የለም። ስለዚህ ቁጥሩን እንደተረጋገጠ ነገር ባያስተምሩት እመርጣለሁ። ደን አልተመነጠረም ማለት ግን አይደለም፤ ምንጣሮው ከመቶ ዓመት በጣም የሚረዝምና ወደፊትም ወደኋላም የሄደ ታሪክ ያለው ነው።

ይህን የምናውቀው ከሐይቅ ጭቃ ነው። ዛፎች ሲያብቡ የሚበትኑት ብናኝ በዓይን የማይታይ ቢሆንም ሽፋኑ እጅግ ጠንካራ ስለሆነ ሐይቅ ውስጥ ሲገባ ሳይበሰብስ በጭቃው ላይ ይጋደማል። በየዓመቱ በላዩ አዲስ ጭቃ ይነጠፋል። ተመራማሪዎች ረጅም ቱቦ ወደ ሐይቁ ወለል ያስገቡና ጭቃውን እንደተደራረበ ያወጡታል፤ ከየንብርቡ ጥቂት ወስደው በኬሚካል ካጠቡት በኋላ በማይክሮስኮፕ ሥር የእያንዳንዱን ብናኝ ቅርጽ እያዩ ጥድ፣ ወይራ፣ ክትክታ፣ ሣር እያሉ ይቆጥራሉ። የየንብርቡን ዕድሜ ደግሞ በራዲዮካርበን ያሰላሉ።

እንግሊዛዊው ሄንሪ ላምና ኢትዮጵያዊው የብናኝ ተመራማሪ መሐመድ ዑመር ከባልደረባቸው ከዳርቢሻየር ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት በወሎ ከሚገኙት ከሐይቅና ከሐርድቦ ሐይቆች በወጣ ጭቃ ላይ የተመሠረተ ነው። በዚያ አካባቢ የነበረው የዝግባና የጥድ ደን ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ተመንጥሮ ቦታው በክትክታና በሣር ተተክቷል። ያ ሁኔታ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ በመካከለኛው ዘመን ጥድ ከወይራ ጋር እንደገና ተስፋፋ፤ በመጨረሻዎቹ ሦስት መቶ ዓመታት ደግሞ ምንጣሮውና የአፈር መሸርሸሩ በረታ። በወሎ ሐይቅ ውስጥ ያለው ብናኝ ስለ ጎንደር በቀጥታ አይናገርም። ያም ሆኖ ለክፍልዎ የሚሆን ትልቅ ትምህርት አለው፤ የተመነጠረ የደጋ ደን መመለስ የቻለበት ዘመን ነበር። በዚያ ጊዜ ዘር የሚሰጡ እናት ዛፎች በየሸለቆው ተርፈው ነበር ማለት ነው፤ ዛሬ የተረፉት በየደብሩ ነው።

የአየር ንብረት ያለ ሰው እጅ ምን ያህል ሊለወጥ እንደሚችል ለማሳየት ከፈለጉ ደግሞ ጣና ቅርብዎ ነው። ከወለሉ በወጣው ጭቃ መሠረት ይህ ትልቅ ሐይቅ ከ18,700 እስከ 16,700 ዓመት በፊት ባለው ዘመን ደርቆ ነበር። ስለ ቅርቡ ዘመን ግን የሚታይ ማስረጃ አለ። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1938 በደቡብ ጎንደር ላይ ከአውሮፕላን ያነሡአቸው ፎቶግራፎች ከዛሬዎቹ የሳተላይት ምስሎች ጋር ተነጻጽረዋል። የቤተ ክርስቲያን ደኖቹ እስከ ዛሬ ቆመዋል፤ የተለወጠው በዙሪያቸው ያለው ነው። ያኔ ደኑን ከእርሻው ይለይ የነበረው ቁጥቋጦ ተመንጥሮ ዛሬ ማረሻው እስከ ዛፉ ሥር ደርሷል። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ያየ ተማሪ ስለ ጠርዝ ለቄሰ ገበዙ ከላይ የጻፍሁትን ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ጥያቄ፦ «ዓለም እየሞቀ ከሆነ በስሜን ተራራ አስታው ወደ ላይ እየወጣ ሊሰፋ ነው ማለት ነው? ጅብራውስ ምን ይሆናል?»
አስጎብኚ፣ ከደባርቅ

መልስ፦ በተራራ ላይ በየ100 ሜትር ከፍታ ሙቀት በአማካይ በ0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ አየሩ በአንድ ዲግሪ ቢሞቅ እንደ አስታ ያለ ዛፍ ሊበቅል የሚችልበት ወሰን ከ150 ሜትር በላይ ወደ ላይ ይገፋል ተብሎ ይጠበቃል። በአፍሪካ ከፍተኛ ተራሮች ላይ የተደረጉት ጥናቶች ግን ወሰኑ እንደተጠበቀው በሁሉም ቦታ እንዳልወጣ ያሳያሉ፤ እሳት፣ ግጦሽና ማገዶ ወደ ታች ይጎትቱታልና። በስሜን፣ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ከተቋቋመ ወዲህ ግፊቱ በቀነሰባቸው ቦታዎች አስታው ሲያገግም ታይቷል፤ ጉና ተራራ ላይ ግን ማገዶና ግጦሹ አስታውን አራቁቶታል። ሁለቱም ተራሮች የሚሞቁት በአንድ ሰማይ ሥር ነው፤ የለያያቸው አያያዛቸው ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በፓርኩ ውስጥ የተነሣውን ቃጠሎ ያየ ሰው የአንድ ሳምንት እሳት የአሥርት ዓመታትን እድገት እንዴት እንደሚወስድ ያውቃል።

የጅብራው ጉዳይ የበለጠ ያሳስበኛል። ጅብራ ከአስታው በላይ ያለውን ውርጭ ለምዶ የሚኖር፣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው። ሙቀቱ ከታች ሲገፋው ወደ ላይ መሸሽ አለበት፤ ተራራ ደግሞ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ይጠብባል፤ ጫፉ ላይ ሲደርሱ ያበቃል። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ደሳለኝ ጫላና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ትንበያ መሠረት፣ ሙቀቱ በከፍተኛ መጠን ከጨመረ እ.ኤ.አ. በ2080 ለጅብራ ተስማሚ ሆኖ የሚቀረው ቦታ ከዛሬው 3.4 በመቶ ብቻ ነው። ትንበያ ስለሆነ አየሩን በሚያሞቁ ጋዞች ልቀት መጠን ይለያያል፤ ስሜን ከፍታው የላቀ በመሆኑ የመጨረሻዎቹ መጠጊያዎች ከሚሆኑት አንዱ መሆኑ ግን አያጠራጥርም። እንግዶች ሲያስጎበኙ ጅብራው ሥር የሚርመሰመሰውን እግር መከላከል በእጅዎ ያለ ነገር ነው፤ ቡቃያው በሣሩ መካከል መሬት ላይ ተለጥፎ ስለሚኖር ሳይታይ ይረገጣል።

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነን። በትምህርት ቤታችን አቅራቢያ ትንሽ የቤተ ክርስቲያን ደን አለ። መሣሪያ የለንም፤ እኛም ልናጠናው እንችላለን?»
የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አባላት፣ ከጎንደር ከተማ

መልስ፦ ትችላላችሁ፤ ደስ ብሎኝም ነው የምመልስላችሁ። አስቀድማችሁ የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅዱ፤ ምን እንደምትሠሩም አስረዱ፤ ቢቻል አንድ የአብነት ተማሪ ወይም ዛፎቹን በስማቸው የሚያውቅ ሽማግሌ አብሯችሁ ይሁን። የሚያስፈልጋችሁ ገመድ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ደብተርና እርሳስ ነው።

በገመዱ 20 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ ካሬ ከደኑ መሐል አንድ፣ ከጠርዙ አንድ ከልሉ፤ አራቱን ማዕዘን በድንጋይ ክምር ምልክት አድርጉበትና ቦታውን በስልካችሁ ጂፒኤስ መዝግቡ፤ ተመልሳችሁ ያንኑ ቦታ ማግኘት አለባችሁና። በካሬው ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ዛፍ ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ የግንዱን ዙሪያ ለኩ፤ ለ3.14 ስታካፍሉት ውፍረቱን ታገኛላችሁ። የዛፉን ስም የአካባቢው ሰው በሚጠራው ጻፉ፤ ካላወቃችሁት ቁጥር ስጡትና ቅጠሉን ፎቶ አንሡ። ከዚያ በካሬው ውስጥ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆኑ አምስት ትናንሽ ካሬዎች በዕጣ መርጣችሁ በርከክ ብላችሁ ቡቃያውን በየዓይነቱ ቁጠሩ። ይህ ክፍል አሰልቺ ስለሆነ ብዙ ሰው ያጣድፈዋል፤ እናንተ ግን አብዛኛውን ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አውሉት፤ ከላይ ያሉት መልሶች ሁሉ የተነሡት ከዚህ ቁጥር ነውና። ከብት የቀነጠሰውንና ያልቀነጠሰውን ለይታችሁ መዝግቡ።

ቆጠራውን በዓመት ሁለት ጊዜ አድርጉት፤ አንዱን በመስከረም መጨረሻ ቡቃያው ሲበዛ፣ ሌላውን በግንቦት ዝናቡ ሳይጀምር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በጋው የገደለውን ያሳያችኋል። የመሐሉንና የጠርዙን ካሬ ስታነጻጽሩ ደግሞ በጋው የት እንደበረታ ታያላችሁ። ውጤቱን በአንድ ዓመት ልዩነት ብቻ አትፍረዱበት፤ አንድ ጥሩ ክረምት ወይም አንድ ክፉ በጋ ያሳስታል። ስለዚህ ደብተሩን ስትመረቁ ለሚቀጥለው ክፍል ክበብ አስረክቡ፤ አንዱን ቅጂ ለደብሩ፣ አንዱን ደግሞ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍል ለሚገኙ መምህራን ስጡ። የመጀመሪያውን ቆጠራ ለመስከረም ካሰባችሁ ፈቃዱን በነሐሴ፣ ከፍልሰታ ጾም በኋላ ብትጠይቁ ይሻላል፤ በሱባኤው ወቅት ደብሩ በምእመናን ስለሚሞላ ካህናቱ ጊዜ አይኖራቸውም።